ወረርሽኝ ሁሉንም ሰው ሳያዳርስ ለምን ያቆማል?

ጠያቂያችን ያቀረቡት ጥያቄ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ተላላፊ በሽታ ወደ አንድ አካባቢ ሲገባ መጀመሪያ በጣም በፍጥነት ይዛመታል፤ ከጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት በኋላ ግን ያልታመመ ሰው ገና በብዛት እያለ በራሱ ጊዜ ቀንሶ ይጠፋል። ይህ የሚሆነው ጀርሙ ኃይሉ ስለሚደክም ነው? ሳይታመሙ የቀሩትስ ተፈጥሯቸው ጠንካራ ስለሆነ ነው? በራሱ የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ ክትባትና ሌላው ጥንቃቄ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል?»

አጭሩ መልስ ይህ ነው። በአብዛኞቹ ወረርሽኞች ጀርሙ አልደከመም፤ ሳይታመሙ ከቀሩትም ብዙዎቹ ከታመሙት የተለየ ብርታት የላቸውም። ወረርሽኝ የሚያቆመው በሽታው ሊይዛቸው የሚችሉ ሰዎች ስላለቁ ሳይሆን ስለሳሱ ነው፤ ማለትም እያንዳንዱ ታማሚ በሽታውን ማስተላለፍ በሚችልባቸው ጥቂት ቀናት ውስጥ በአማካይ አንድ ሰው እንኳ መያዝ ሲያቅተው ነው። «አለቁ» እና «ሳሱ» በሚሉት ሁለት ቃላት መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የወረርሽኝ ሳይንስ አብዛኛው ክፍል የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ስለሆነ፣ ረጋ ብዬ ላስረዳ።

በመጀመሪያ መያዝና መታመም አንድ እንዳልሆኑ ልብ ይበሉ። ባክቴሪያ፣ ቫይረስ፣ ፈንገስ ወይም ሌላ ጥገኛ ተዋሲያን ወደ ሰው አካል ገብቶ መራባት ሲጀምር ሰውየው ተይዟል እንላለን፤ ታመመ የምንለው ግን ምልክት ሲያሳይ ነው። በፖሊዮ ቫይረስ ከሚያዙት መካከል አብዛኞቹ ምንም ምልክት አያሳዩም፤ ሽባነት የሚደርስባቸው በግምት ከ200 አንድ ያህሉ ብቻ ናቸው። በሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ የተያዘ ሰውም በሕይወት ዘመኑ ወደ ሕመም የመሸጋገር ዕድሉ ከ5 እስከ 10 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ «ሳይታመሙ ቀሩ» ከምንላቸው ሰዎች የተወሰኑት በእርግጥ ተይዘው፣ ምናልባትም ሳያውቁት ለሌላ አስተላልፈው፣ የመከላከል አቅም አዳብረው ያለፉ ናቸው። ወረርሽኝ ካለፈ በኋላ የደም ምርመራ ሲደረግ በጤና ተቋማት ከተመዘገበው በጣም የሚበልጥ ሰው ተይዞ እንደነበር የሚታወቀው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ግን የጥያቄዎን ከፊል ብቻ ይመልሳል፤ እንደ ኩፍኝ ባለ፣ የተያዘው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል በሚታመምበት በሽታም ቢሆን ሳይነኩ የሚቀሩ አሉና።

የመተላለፊያ መንገዶችን አንድ በአንድ አልዘረዝርም፤ በትንፋሽና በሳል፣ በተበከለ ውኃና ምግብ፣ በንክኪ፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ በደም፣ ከእናት ወደ ልጅ፣ በትንኝና በመዥገር የሚተላለፉ በሽታዎች መኖራቸውን አብዛኛው አንባቢ ያውቃል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ግን የመተላለፊያው መንገድ «መገናኘት» ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚወስን መሆኑ ነው። ለኤችአይቪ በአንድ ገበታ መብላት መገናኘት አይደለም። ለኩፍኝ ግን ታማሚው ከወጣ በኋላ እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ በክፍሉ አየር ውስጥ መገኘት ራሱ መገናኘት ነው። ለኮሌራ ደግሞ ፈጽሞ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ከአንድ ምንጭ መጠጣታቸው ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1854 በለንደን ብሮድ ስትሪት አካባቢ ኮሌራ ሰዎችን ሲፈጅ፣ ሐኪሙ ጆን ስኖው ሟቾቹ በአንድ የውኃ ፓምፕ ዙሪያ መከማቸታቸውን አሳየ። ከማስረጃዎቹ ሁሉ ጠንካራው ግን ከዚያ ርቃ በሐምፕስቴድ ትኖር የነበረች ሴት ሞት ነበር። ሴትዮዋ ወደ ብሮድ ስትሪት አልሄደችም፤ ሆኖም የዚያን ፓምፕ ውኃ ጣዕም ስለምትወድ በየጊዜው እያስመጣች ትጠጣ ነበር። በአካል የራቀች ብትሆንም በበሽታው መንገድ ግን ቅርብ ነበረች። ወረርሽኝ የሚጓዘው በካርታ ላይ በሚታየው ርቀት ሳይሆን በእንዲህ ዓይነቱ ቅርበት ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። አንድ ታማሚ በሽታውን ለስንት ሰው ያስተላልፋል? መልሱን ሦስት ነገሮች ይወስኑታል፦ በቀን ስንት ሰው ያገኛል፤ በእያንዳንዱ ግንኙነት የማስተላለፍ ዕድሉ ምን ያህል ነው፤ ለስንት ቀን ማስተላለፍ ይችላል። ለምሳሌ ታማሚው በቀን 10 ሰው ያገኛል፣ ከ20 ግንኙነት በአንዱ ያስተላልፋል፣ ይህም ለ4 ቀን ይቆያል እንበል። በጠቅላላው 40 ግንኙነት አለው፤ ከ20 አንዱ ይሳካል ካልን ሁለት ሰው ያሲዛል ማለት ነው። ማንም ሰው የመከላከል አቅም በሌለው ሕዝብ ውስጥ ይህን ቁጥር ባለሙያዎች መሠረታዊ የመዛመት ቁጥር ወይም አር ዜሮ ይሉታል። ለኩፍኝ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ከ12 እስከ 18 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በምዕራብ አፍሪካ ለተነሣው ኢቦላ የተሰላው ደግሞ ከ1.5 እስከ 2.5 ገደማ ነበር።

ይህ ቁጥር የበሽታውን ክፋት እንደማይለካ ከወዲሁ መናገር አለብኝ፤ ሁለቱን ማደባለቅ በጣም የተለመደ ስሕተት ነውና። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የያዘውን ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ይገድላል፤ ሆኖም ከሰው ወደ ሰው ስለማይዛመት በሰዎች መካከል የመዛመት ቁጥሩ ዜሮ ያህል ነው። ቁጥሩ የበሽታው የማይለወጥ ጠባይም አይደለም። ሰዎች ተጨናንቀው በሚኖሩበት ስፍራ የግንኙነቱ ብዛት ስለሚጨምር ያው ጀርም ከፍ ያለ ቁጥር ይኖረዋል፤ ተራርቀው በሚኖሩበት ስፍራ ደግሞ ዝቅ ይላል።

ከላይ የሰጠሁትን ምሳሌ ይዘን 10,000 ሰው ወዳለበት አንድ ምናባዊ ሕዝብ እንሂድ። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት እያሉ ሲተላለፍ ከአሥር ዙር በኋላ በአንድ ዙር ብቻ የሚያዙት ከ1,000 ይጠጋሉ። ይህ ጠያቂያችን ያዩት የመጀመሪያው ፍጥነት ነው። ነገር ግን አንድ ነገር በጸጥታ እየተለወጠ ነው፤ የተያዙትና ያገገሙት ዳግመኛ አይያዙም ብለን ከወሰድን፣ ታማሚው ከሚያገኛቸው 40 ሰዎች መካከል ከእነርሱ ወገን የሆኑት እየበዙ ይሄዳሉ። ከ10,000ው ግማሹ ተይዞ ሲያበቃ ታማሚው አሁንም 40 ሰው ያገኛል፤ ትንፋሹም እንደ ቀድሞው ያስተላልፋል፤ ጀርሙም ቅንጣት አልተለወጠም። ከ40ዎቹ ግን 20ዎቹ ዳግም የማይያዙ ናቸው። በቀሩት 20 ላይ ከ20 አንዱ ቢሳካ የሚያዘው አንድ ሰው ብቻ ነው። ከዚህ ነጥብ ጀምሮ እያንዳንዱ ታማሚ ራሱን መተካት ያቅተዋል፤ ወረርሽኙም መቀነስ ይጀምራል። ያን ጊዜ ገና ያልተነኩ 5,000 ሰዎች አሉ!

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። መቀነስ ይጀምራል ማለት ወዲያው ይቆማል ማለት አይደለም። በዚያ ነጥብ ላይ በአንድ ጊዜ የታመሙት ሰዎች 1,500 ያህል ይሆናሉ፤ እያንዳንዳቸው የሚያስይዙት ከአንድ በታች ቢሆንም እነርሱ ብዙ ናቸው፤ እነርሱ የሚያስይዟቸውም እንዲሁ ለተወሰነ ጊዜ ይቀጥላሉ። ሩጫ ላይ ያለ ሰው ድንገት መቆም እንደማይችል ሁሉ ወረርሽኙም ወሰኑን አልፎ ይሄዳል። ስሌቱ እስከ መጨረሻው ሲሠራ 8,000 ያህል ሰዎች ተይዘው 2,000 ያህሉ ሳይነኩ ይቀራሉ። የመዛመት ቁጥሩ 1.5 ቢሆን ኖሮ የሚያዘው 58 በመቶ ያህል ይሆን ነበር፤ 3 ቢሆን ደግሞ 94 በመቶ ያህል። የቀሩት 2,000 ሰዎች በምሳሌው ውስጥ ከሌሎቹ በምንም አይለዩም፤ ስናሰላ ሁሉንም እኩል ተጋላጭ አድርገናቸዋልና። የዳኑት የመተላለፊያው ሰንሰለት እነርሱ ጋ ሳይደርስ ስለተበጠሰ ብቻ ነው።

ጥያቄዎ የቆየ መሆኑን ቢያውቁ ደስ ይልዎት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1927 በኤዲንብራ ይሠሩ የነበሩት ዊሊያም ኬርማክና አንደርሰን ማኬንድሪክ ይህንኑ ጥያቄ ጠይቀው ነበር፦ ወረርሽኝ የሚያበቃው ተጋላጭ ሰው ሲጠፋ ነው ወይስ ብዙ ተጋላጭ ሰዎች እያሉም ሊያበቃ ይችላል? በዘመናቸው አንዳንዶች ሰው አልቆ ነው ይላሉ፤ ሌሎች የጀርሙ ኃይል እየሟሸሸ ሄዶ ነው ይሉ ነበር። ሁለቱ ሊቃውንት በሒሳብ እንዳሳዩት ከሁለቱም አንዱን መገመት አያስፈልግም፤ የመያዝ፣ የማገገምና የመሞት ፍጥነት እርስ በርስ ሲገናኙ ብቻውን ወረርሽኙን ለመጨረስ ይበቃል። ስሌታቸውንም እ.ኤ.አ. ከ1905 እስከ 1906 በቦምቤይ ከተከሰተው የቸነፈር ወረርሽኝ ጋር አነጻጽረዋል። ማኬንድሪክ በሕንድ የሠራ ሐኪም ነበር፤ ኬርማክ ደግሞ ኬሚስት ሲሆን ከሦስት ዓመት በፊት በቤተ ሙከራ አደጋ የሁለቱንም ዓይኖቹን ብርሃን አጥቶ ስለነበር፣ ያንን ሁሉ ቀመር በአእምሮው ይዞ ይሠራ ነበር። ተማሪዎቼን ይህን ርእስ ሳስተምር ሁልጊዜ በአክብሮት የማነሣው ሰው ነው።

«የቀሩት ጠንካሮች ናቸው» ለሚለው ሐሳብ ከሁሉ የተሻለ መልስ የሚሰጠው ደግሞ በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ባሉት የፋሮ ደሴቶች የተገኘው ማስረጃ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1846 ኩፍኝ ወደነዚያ ደሴቶች ገባ። ከዚያ በፊት በሽታው የታየው በ1781፣ ማለትም ከ65 ዓመት በፊት ነበር። ከ7,800 ገደማ ነዋሪዎች በጥቂት ወራት ውስጥ ከ6,000 በላይ ታመሙ፤ ሕፃን ሽማግሌ ሳይባል። በዚያ የተላከው ዴንማርካዊ ሐኪም ፒተር ሉድቪግ ፓኑም ቤት ለቤት እየሄደ ሲጠይቅ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አስተዋለ፦ በ1781 በሕፃንነታቸው ኩፍኝ ይዟቸው የነበሩ አረጋውያን አንዳቸውም ዳግመኛ አልታመሙም፤ በዚያን ጊዜ ሳይያዙ የቀሩት እኩዮቻቸው ግን በእርጅናቸው ታመሙ። ሁለቱም ወገን አርጅቷል፤ ሁለቱም ደክሟል። የለያቸው የሰውነት ብርታት ሳይሆን ከ65 ዓመት በፊት ያለፈ ሕመም ትቶት የሄደው የመከላከል አቅም ነበር። ፓኑም በዚሁ ጥናቱ አንድ ሰው ከኩፍኝ ታማሚ ጋር ከተገናኘበት ቀን አንሥቶ ሽፍታው እስከሚወጣበት ድረስ 13 ወይም 14 ቀን እንደሚቆይም አረጋግጧል፤ ራቅ ራቅ ብለው የሚገኙት መንደሮች ማን መቼ ከየት እንደመጣ በትክክል ለማስታወስ ስለሚያስችሉ ነበር ይህ የተቻለው።

ጀርሙ ፈጽሞ አይለወጥም ማለቴ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950 በአውስትራሊያ ጥንቸሎችን ለማጥፋት የተለቀቀው የሚክሶማ ቫይረስ በመጀመሪያ የያዛቸውን ከ99 በመቶ በላይ ይገድል ነበር፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን ከሌሎቹ ያነሰ የሚገድሉ ዝርያዎቹ በዙ፤ ጥንቸሎቹም የመቋቋም አቅማቸው ጨመረ። ይህ እውነተኛ መለዋወጥ ነው፤ ነገር ግን የሚፈጸመው በብዙ ትውልድ ውስጥ እንጂ አንዱ ወረርሽኝ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል በሚወርድባቸው ሳምንታት ውስጥ አይደለም። ሁልጊዜም ወደ መለዘብ የሚያመራ ሕግ አይደለም። ፈንጣጣ ከሰው ጋር ብዙ ምዕተ ዓመታት ኖሮ እስከ መጨረሻው ድረስ ከባዱ ዓይነት ከያዛቸው ሰዎች መካከል 30 በመቶ ያህሉን ይገድል ነበር። «ቆይቶ ይለዝባል» ብሎ መጠበቅ በእኔ እምነት አደገኛ ምክር ነው።

ወደ ሦስተኛው ጥያቄዎ እንመለስ፤ በራሱ የሚያልፍ ከሆነ ለምን አንጠብቅም? ከምሳሌያችን እንጀምር። ወረርሽኙን ለመግታት ከ10,000ው 5,000 ሰው የመከላከል አቅም ቢኖረው በቂ ነበር። ያለ ምንም ጥንቃቄ የተለቀቀው ወረርሽኝ ግን 8,000 ሰው ይዟል። እነዚያ 3,000 ሰዎች የተያዙት ሩጫው ወሰኑን ስላለፈ ነው፤ ከእነርሱ መካከል የሞቱት በከንቱ ሞተዋል። አስቀድሞ በክትባት 5,000ውን መሸፈን ቢቻል ግን ወረርሽኙ መነሣት ራሱ ያቅተው ነበር። ተጋላጭ ሰዎች የሚሳሱት በሕመም ወይም በክትባት ነው፤ ሰንሰለቱን ለመበጠስ ሁለቱም ይሠራሉ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት የሚከፈለው የሕይወት ዋጋ ነው። አንዳንዶች ኸርድ ኢሚዩኒቲ፣ ሌሎች የጋራ መከላከያ የሚሉት ነገር ይኸው ነው። የሚያስፈልገው ድርሻ በመዛመት ቁጥሩ ይወሰናል፤ ቁጥሩ 2 ሲሆን ግማሽ፣ 4 ሲሆን ሦስት አራተኛ፣ እንደ ኩፍኝ ከ12 እስከ 18 ሲሆን ከ92 እስከ 94 በመቶ። ክትባቱ የሰጡትን ሰው ሁሉ ስለማያስጥል ለኩፍኝ ሁለት ዙር ክትባት ለ95 በመቶ ሕዝብ እንዲዳረስ የሚፈለገው ከዚህ ስሌት ተነሥቶ ነው።

ተጋላጮችን ከማሳሳት ሌላ መንገድም አለ። ከላይ የጠቀስኳቸውን ሦስቱን ነገሮች፣ ማለትም የግንኙነትን ብዛት፣ የመተላለፍን ዕድልና የጊዜውን ርዝመት መቀነስ ይቻላል። እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2016 በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን የነበረው ኢቦላ ከ28,000 በላይ ሰዎችን ይዞ ከ11,000 በላይ ገድሏል። ሦስቱ አገሮች በአንድነት ከ20 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ስለነበራቸው ሲያበቃ ሕዝቡ ሁሉ ማለት ይቻላል አሁንም ተጋላጭ ነበር። ያበቃው ታማሚዎች በፍጥነት ተለይተው ስለታከሙ፣ ከእነርሱ ጋር የነበሩ ሰዎች ላይ ለ21 ቀን ክትትል ስለተደረገ፣ አስከሬን በጥንቃቄ ስለተቀበረና ሕዝቡ ራሱ ልማዱን ስለለወጠ ነው። «በራሱ ጠፋ» የሚባል ብዙ ወረርሽኝ ቀረብ ብለው ሲመረምሩት የሰዎች ድካም ያለበት ነው። በሌላ በኩል እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ተጋላጮችን እንዳሉ ስለሚተዋቸው፣ በሽታው ፈጽሞ ሳይጠፋ ጥንቃቄው ከተነሣ ወረርሽኙ ካቆመበት ይቀጥላል።

ይህ መንገድ በሁሉም በሽታ እኩል አይሠራም፤ ወሳኙም ጊዜ ነው። ሰው ማስተላለፍ የሚጀምረው ምልክት ካሳየ በኋላ ከሆነ ታማሚውን ለይቶ መያዝ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ የተነሣው ሳርስ የተባለው የመተንፈሻ አካል በሽታ በ2003 በዓለም ዙሪያ ተዛምቶ እያለ በዚያው ዓመት ሊቆም የቻለው ታማሚዎቹ በብዛት የሚያስተላልፉት ሕመሙ ከጸናባቸው በኋላ ስለነበር ነው። የቅርብ ዘመዱ ኮቪድ-19 ግን ምልክት ከመታየቱ በፊትም ስለሚተላለፍ፣ ታማሚው በታወቀ ጊዜ ሰንሰለቱ አንድ እርምጃ ቀድሞ ሄዷል። ኩፍኝም ሽፍታው ከመውጣቱ ከአራት ቀን በፊት ጀምሮ ይተላለፋል፤ ያኔ ተራ ጉንፋን ነው የሚመስለው።

ለምን አንጠብቅም ለሚለው ሁለተኛው መልስ በሽታው ተመልሶ መምጣቱ ነው። የሳሱት ተጋላጮች ሳስተው አይቀሩም፤ ሕፃናት በየዕለቱ ይወለዳሉ። ከክትባት በፊት በነበረው ዘመን በእንግሊዝ ትልልቅ ከተሞች ኩፍኝ በየሁለት ዓመቱ ገደማ ይነሣ ነበር፤ አንዱ ወረርሽኝ ተጋላጮችን ያሳሳል፣ በሁለት ዓመት ውስጥ የሚወለዱት ይሞሉታል፣ ቀጣዩ ይነሣል። በሽታው በመካከል የሚቆየው ከተማው ትልቅ ከሆነ ብቻ ነው። የስታቲስቲክስ ሊቁ ሞሪስ ባርትሌት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ እንዳሳየው ኩፍኝ ከ250,000 እስከ 300,000 ሕዝብ በማይሞላበት ከተማ ውስጥ በወረርሽኞች መካከል ይጠፋና ከሌላ ቦታ እስኪመጣ ይጠብቃል። ጉድፍ ወይም ቺክንፖክስ የሚባለው በሽታ ግን በትንሽ ማኅበረሰብም ይኖራል። ቫይረሱ ካገገመው ሰው ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ከብዙ ዓመት በኋላ አልማዝ ባለጭራ ሆኖ ስለሚወጣ፣ አያት በልጅነታቸው የያዛቸውን ቫይረስ ለልጅ ልጃቸው ማስተላለፍ ይችላሉ። ኢንፍሉዌንዛ በበኩሉ ገጽታውን እየለወጠ ዱሮ የተያዘውን ሰው እንደ አዲስ ተጋላጭ ያደርገዋል። ወባ ሰንሰለቱ በትንኝ ውስጥ ያልፋል፤ የኮሌራ ባክቴሪያ ከሰው ውጭም በወንዝ አፎችና ጨው በተቀላቀለበት ውኃ ውስጥ ይኖራል። መንጋጋ ቆልፍ ከናካቴው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የሚኖረው በአፈር ውስጥ ስለሆነ ጎረቤት ሁሉ ቢከተብ ያልተከተበውን ሰው አይጋርደውም።

እስካሁን «በአማካይ» እያልኩ መጥቻለሁ፤ ይህ ቃል ግን ሊያታልል ይችላል። በሳርስ ጊዜ በሲንጋፖር ከመጀመሪያዎቹ ወደ 200 የሚጠጉ ታማሚዎች ከ10 ስምንት ያህሉ ለማንም እንዳስተላለፉ ማስረጃ አልተገኘባቸውም፤ አምስት ሰዎች ብቻ ግን ከ100 በላይ ለሆኑ ሰዎች መያዝ ምክንያት ሆነዋል። የክትባት ሽፋንም እንዲሁ ነው። አንድ አገር በአማካይ 95 በመቶ ቢከትብም ያልተከተቡት 5 በመቶ በየቦታው ተበታትነው ካልሆነና በአንድ ሠፈር ወይም በአንድ ትምህርት ቤት ከተሰበሰቡ፣ እዚያ ውስጥ ተጋላጮቹ አልሳሱም፤ ወረርሽኝም ይነሣል። በተግባር ሥራ ላይ ያለ ሰው ከአገራዊው አማካይ ይልቅ እነዚህን ኪሶች መፈለግ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ይህን ነገር በተገላቢጦሽ በመጠቀም ነው ፈንጣጣ የጠፋው። እ.ኤ.አ. በ1966 መጨረሻ በምሥራቅ ናይጄሪያ ክትባቱ አልበቃ ሲል ሐኪሙ ዊሊያም ፌጊ ሁሉንም ሰው ከመከተብ ይልቅ እያንዳንዱን ታማሚ ፈልጎ በዙሪያው ያሉትን ብቻ መከተብ ጀመረ። ፈንጣጣ ምልክቱ በግልጽ የሚታይ፣ ከመታየቱም በፊት የማይተላለፍ፣ በእንስሳት ውስጥ የማይደበቅ በሽታ ስለሆነ ዘዴው ሠራ፤ ተጋላጮችን በመላው አገር ሳይሆን በታማሚው ዙሪያ ብቻ ማሳሳት በቂ ሆነ። በተፈጥሮ መንገድ የተያዘው የመጨረሻው ሰው በጥቅምት 1977 በሶማሊያ ታመመ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ1980 በሽታው መጥፋቱን አወጀ። ከዚያ ወዲህ የጠፋ ሌላ አንድ በሽታ ብቻ አለ፤ እርሱም የቀንድ ከብቶች የደስታ በሽታ ሲሆን መጥፋቱ በ2011 ታውጇል።

እንግዲህ ወረርሽኙ ሲያልፍ ሳይነኩ የቀሩት ሰዎች፣ በምሳሌያችን እነዚያ 2,000ዎቹ፣ ከመጀመሪያው ቀን ያልተለየ ተጋላጭነት ይዘው እንደሚቀሩ ግልጽ ይሆንልዎታል። በፋሮ ደሴቶች በ1781 የተረፉት አረጋውያን ከ65 ዓመት በኋላ እንደታመሙ ያስታውሱ። በአካባቢዎ ያለፈው ኩፍኝ ከሆነና ከቤተሰብዎ ሳይታመምም ሳይከተብም የቀረ ሰው ካለ «እርሱንማ አይነካውም» ብለው አይለፉት፤ ክትባቱን እንዲወስድ ያድርጉ። መታመሙን ወይም መከተቡን በእርግጠኝነት የማያስታውስ ሰውም ቢሆን መከተቡ አይጎዳውም። ነፍሰ ጡሮችና የመከላከል አቅማቸው በሕመም ወይም በሕክምና በጣም የተዳከመ ሰዎች ግን ክትባቱ ሕያው ሆኖ የተዳከመ ቫይረስ የያዘ በመሆኑ አይሰጣቸውም፤ ዕድሜያቸው ገና ያልደረሰ ጨቅላ ሕፃናትም እንዲሁ ጊዜያቸውን መጠበቅ አለባቸው። እነዚህን ሰዎች ከኩፍኝ የሚጋርዳቸው በዙሪያቸው ያሉት ሰዎች መከተብ ነው።